ጥቁር ፕላስተር የተጠመጠመበት ቢላ

«አባዬ፣ ከእኔ ይልቅ ለብረት ትሳሳለህ» አለ ልጁ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ። ጮክ ብሎ አልነበረም የተናገረው፤ ሳሎኑ ጠባብ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን ጎረቤት ያሉት ባልና ሚስት ማንኪያቸውን አቁመው ሳያዳምጡ አልቀሩም። አባትየው ዳቦውን በእጁ ቆረሰ፣ ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ቆረሰ፤ አንዱንም አልጎረሰም። እናትየው ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰች «በሉ እንጂ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለች፤ ሻዩ ግን ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ሰውየውን ሰፈሩ «ፎርማን» ነው የሚለው። እሱ ጡረታ ቢወጣም ስሙ አብሮት ጡረታ አልወጣም። ዕድሜውን የፈጀው ለኤሌክትሪክ መስመር ጫካ በሚመነጥር ቡድን ውስጥ ነው፤ ሲጀምር መጥረቢያ ተሸካሚ ነበር፣ ሲጨርስ አዛዥ። አሁን ደግሞ የመጨረሻ ልጁ በተራው ጫካ ሊገባ ነው። የደን ወሰን ከሚያካልል ቡድን ጋር ሥራ አግኝቷል፤ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ጠንካራ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና የማይታጠፍ ቢላ ይዛችሁ ኑ ተብለዋል። ጫማውን ገዛ፣ ባትሪውን ከእህቱ ባል ተዋሰ፣ የዝናብ ልብሱን እናቱ ጠጋግና ሰጠችው። ቢላ መግዛት ግን ለአንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለውም። ቤታቸው ውስጥ ቢላ አለ። እንዲያውም እነሱ ቤት «ቢላው» ከተባለ የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የሽንኩርት መክተፊያው ሌላ ነው።

ልጆቹ ሁሉ በዚያ ቢላ ወሬ ነው ያደጉት። አንድ የሥራ ባልደረባው ጎርፍ ውስጥ ገመድ ተጠምጥሞበት ሊሰምጥ ሲል ገመዱን የበጠሰው ይኸው ቢላ ነው። ዝናብ ሲያበሰብሳቸው ሰንብቶ፣ እርጥቡን ግንድ ልጦ ከውስጡ ደረቅ ፍልጥ ያወጣላቸውም ይኸው ቢላ ነው። ፎርማን ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህን ያወራል፤ ቢላውንም ከመሳቢያው አውጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ያዞራል፤ ሲጨርስም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል። «ቢላ መቁረጫ ነው፤ መፈልቀቂያ አይደለም። በቢላ የሚፈለቅቅ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም።» ይህን ደግሞ በአፉ ብቻ አላለም። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ የሚስማር ሳጥን በቢላው ጫፍ ሲፈለቅቅ አግኝቶት በዚያው ዕለት ከቡድኑ አባሮታል። የልጆች አባት ነኝ ቢለው፣ ቢለምነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ይህንንም በኩራት ያወራው ነበር፤ ሰዎችም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል፣ ከእሱ ቤት እየበሉ እየጠጡ ምን ይበሉ።

ማንም የማያውቀው ነገር ቢኖር ያ ቢላ ስብር መሆኑ ነው። የሰበረውም ጎርፍ አይደለም፣ ግንድም አይደለም። ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው፤ ቤት መዋል አልለመደበትምና እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ የማእድ ቤቱን መስኮት ቀለም ልቀባ አለ። የቀለሙ ጣሳ ክዳን እምቢ አለው። ካቻቢቴው ያለው ሌላው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሊያመጣው ሊነሣ ብሎ ሰነፈ። ቢላው አጠገቡ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ጫፉን ክዳኑ ሥር አስገብቶ ጫን ሲለው ቀጭ አለ። ስለቱ ምንም አልሆነም፤ የተሰበረው እጀታው ውስጥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የማለበት ቢላ፣ ብረቱ እጀታው ውስጥ የገባው ሁለት ጣት ለማይሞላ እርዝመት መሆኑን ያየው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ በሩ መዞር ነበር። ሚስቱ ገበያ ሄዳለች፣ ማንም አላየውም። ጠንካራ ማጣበቂያ ገዝቶ ስለቱን መልሶ ከእጀታው ጋር አጣበቀው፤ ስንጥቁ እንዳይታይም ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠመጠመበት። «እጅ እንዳያንሸራትት ነው» አላት ሚስቱን። «አምሮበታል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ማውራቱን አልተወም፤ ቢላውን ከእጅ ወደ እጅ ማዞሩን ግን ተወ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ልጁ «አባዬ፣ ቢላውን እወስደዋለሁ አይደል?» ብሎ እየሣቀ ሲጠይቀው ያገኘው መልስ «አይሆንም» የሚል ነው። ለምን ሲለው ደግሞ «አይሆንም አልኩ።» ስብር ነው ቢለው በቂ ነበር። ልጁ ይሥቅበት ነበር፣ እናቱም ትጨምርበት ነበር፣ ምናልባት አንድ ሳምንት ሲቀልዱበት ይሰነብቱ ነበር፤ ከዚያ ያልቃል። ፎርማን ግን ያ የሚስማር ሳጥን የፈለቀቀው ሰውዬ፣ ጠቅላላ ዕቃውን በከረጢት አንጠልጥሎ በአቧራማው መንገድ ሲሄድ ዓይኑ ላይ መጣበት። ልጁ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። «ግድ የለም፤ ይቅር። ከአንተ ጋር ይቀበር» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። አባት ስስታም መባልን መረጠ። ስስታም ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ስስታም ሰው ቢያንስ ውሸታም አይደለም።

ኮቱን ለብሶ ወጣ። የት እንደሚሄድ ለሚስቱ አልነገራትም፤ እሷም ኩርፊያውን ስለምታውቀው አልጠየቀችውም። ስልኩን ቻርጅ ላይ እንደሰካው ረሳው። ደረጃውን ሲወርድ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል፦ ከዚያ የተሻለ፣ ጠንካራ ቢላ ይገዛል፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይመለሳል፣ በር ላይ ይሰጠዋል፤ ልጁም ደስ ብሎት ይሄዳል። ማንም ለማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። እንዲህ ነው ፎርማን፤ ሁለት ቃል ከመናገር ከተማውን ሙሉ መዞር ይቀልለዋል።

መጀመሪያ የገባበት ሱቅ ከመቆለፊያ እስከ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ የሚሸጥ ነው። ቢላዎቹ መስታወት ውስጥ ተደርድረው በአምፖል ያብረቀርቃሉ። ሻጩ ፈገግ ብሎ አንዱን አወጣለት፤ ጀርባው መጋዝ ነው፣ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ አለው፣ ኮምፓሱ ሲፈታ ደግሞ እጀታው ባዶ ሆኖ ውስጡ ክብሪትና መርፌ ተቀምጧል። «አባባ፣ ይሄን የያዘ ሰው ጫካ ውስጥ አንድ ዓመት መኖር ይችላል።» ፎርማን እጀታውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደ ቧንቧ አየበት። «ውስጡ ባዶ ከሆነ ስለቱን ምን ይዞት ነው የቆመው?» ሻጩ ትንሽ አሰበና «ክብሪቱን ይይዛል» አለ። «የጠየቅኩህ እሱን አይደለም» አለው ፎርማን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሥቅ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ልጁም ቢያየው ሳይወደው አይቀርም፤ ግን እንዲህ ያለው የመጀመሪያውን ወፍራም ቅርንጫፍ ሲያገኝ እጀታው እጅ ላይ ይቀራል፣ ስለቱ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ አይታወቅም። ይህን ሲያስብ የገዛ መሳቢያው ትዝ አለውና ቢላውን ቶሎ ብሎ መለሰ።

ሁለተኛው ሱቅ ዋናው መንገድ ላይ ያለ የተጓዦች ዕቃ መሸጫ ነው፤ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሻጭዋ ጨዋ ናት፤ «ልርዳዎት?» ብላ ስለ ብረቱ ዓይነት ረጅም ነገር ነገረችው፤ የማይዝግ ነው፣ ድንጋይ ላይ እንኳ ጫፉ አይታጠፍም። ዋሽታ አይደለም። ቢላው እጁ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ታወቀው፤ ክብደቱ ጠቋሚ ጣቱ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ። ዋጋውን የጻፉበትን ትንሽ ወረቀት ገልብጦ አየ፤ ገልብጦ ሲያየውም አልቀነሰም። በጡረታ የሚኖር ሰው ያንን ቢላ የሚገዛው ለብዙ ወር አፉን ቢሰፋ ነው። «ትንሽ ልዘዋወርና እመለሳለሁ» አላት። እሷም እንደማይመለስ እያወቀች «እንጠብቅዎታለን» አለችው።

የሚፈልገውን ያገኘው ከብረታ ብረት ተራው ኋላ፣ አካፋና ዶማ በሚቸረችር ሰው ዘንድ ነው። ሰውየው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሬዲዮ ይፈታታል። ቢላዎቹን የሸጎጣቸው ዘይት ያለበት የላስቲክ ባልዲ ውስጥ ነው፤ ማንም ገዢ ዞር ብሎ የማያያቸው ጥቋቁር ነገሮች። ፎርማን እጅጌውን ጠቅልሎ አንድ በአንድ እያወጣ በጨርቅ ጠረጋቸው። አንዱ ቀጭን ነው፣ አንዱ ሚዛኑ ወደ ጫፉ ያዘነብላል። ከሥር ያገኘው ግን ሌላ ነበር። ርዝመቱ ከመዳፉ ትንሽ ያልፋል፣ ጀርባው ወፍራም ነው፣ ብረቱ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል አልፎ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ ይታያል፤ እንጨቶቹን የያዟቸው የናስ ችንካሮች ናቸው። በማጣበቂያ የተያዘ ነገር የለውም። ጠረጴዛው ላይ አንኳኳውና ጆሮውን አቀና፤ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፣ የሚንገጫገጭ ነገር የለም። የሚዝግ ብረት ነው፤ ዘይት ይፈልጋል፤ በምላሹ ግን የትኛውም የወንዝ ድንጋይ ይስለዋል። የእጀታው እንጨት አንድ በኩል ተሸርፏል፤ ዋጋው የቀነሰውም ለዚያ ነው።

«ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?» አለው ሻጩ ከሬዲዮው ቀና ሳይል። ቀና ብሎ ቢያየው ኖሮ ፎርማን «ለልጄ ነው» ብሎ በዘጋው ነበር። ሰውየው ግን ዓይኑን ከዊንጮቹ ላይ አላነሣም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል ፎርማን ያልጠበቀውን ያህል የተናገረው። የቀለሙን ጣሳ ነገረው፣ ማጣበቂያውን ነገረው፣ ፕላስተሩን ነገረው፣ ዛሬ ጠዋት «ለብረት ትሳሳለህ» መባሉን ነገረው። ሲነግረው ደግሞ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ እንዲያውም ሬዲዮ የሚፈታው ሰውዬ በአፍንጫው ሣቅ ሲል እሱም አብሮ ሣቀ። «ታዲያ ለልጁ ነገሩት?» አለው ሻጩ።

«ይሄንን ስሰጠው ይገባዋል።»

«ምኑ ነው የሚገባው?»

ፎርማን ስለ ተሸረፈው እጀታ መከራከር ጀመረ፤ ሻጩም ትንሽ ቀነሰለት። ቢላው ግን አፎት የለውም። «በካርቶን ጠቅልዬ በገመድ እጠፍረዋለሁ፤ እቤት እስኪደርሱ ምንም አይልም» አለው ሻጩ። እቤት መድረሱ አይደለም የፎርማን ጭንቀት። እነሱ ቡድን ውስጥ ቢላ ራቁቱን አይሰጥም። አዲስ ሰው ሲገባ አዛዡ ቢላውን ከነአፎቱ፣ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አድርጎ ነው የሚያስረክበው፤ ያኔ ነው ሰውየው ከመጥረቢያ ተሸካሚነት የሚወጣው። እሱም ከያኔው አዛዥ እጅ የተቀበለው እንደዚያ ነው። ለልጁ በካርቶን እንዴት ይሰጠዋል? ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ «ጊዜ አለ» አለ ለራሱ።

ጥጉ ላይ ጫማ ሰፊ ነበር፤ በዕድሜ የሚስተካከለው፣ ወሬ የማይወድ ሰው። የአንዲት ሴትዮ ተረከዝ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ ከአሮጌ ቦርሳ ወፍራም ቆዳ ቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በቢላው ቅርጽ ላይ አጠፈው። በወስፌ እየበሳ፣ ሰም በተቀባ ክር ከላይ እስከ ታች ሰፋውና «ይኸው ደረሰ» አለ። ፎርማን በጣቱ ጎተት ጎተት አድርጎ አየው። ጥሩ ስፌት ነው። ይዞት ቢሄድ ይደርስ ነበር። «ወንድሜ፣ አንድ ስፌት ደርብበት» አለው። ሰፊው ደረበበት። ከዚያ ደግሞ ቀበቶ የሚገባበት ማንጠልጠያው የሳሳ መሰለውና እንዲቀየር ጠየቀ። «እቃው ለማን ነው? ለንጉሥ ነው?» አለ ሰፊው፤ ቀኑን ሙሉ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። «ለልጄ ነው» አለ ፎርማን። ይህን ሲል ደስ አለው። የሰፊው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ እጀታውን ወደ ልጁ አዙሮ ሲሰጠው፣ ልጁ ደግሞ ስለ ጠዋቱ ሲያፍር፣ እሱም «ተወው እባክህ» ሲለው ታየው። ቆዳው እስኪደርቅ ድረስ ይህንኑ ሲያስብ ቆየ።

ቤት ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ናት፤ ፊቷ በርቷል። «ስልክህ እኮ እዚህ ሲጮህ ዋለ! መኪናቸው ቀድሞ መጣ፤ መንገዱ ይጨቀያል ብለው። ጠበቀህ ጠበቀህና ሄደ።» ፎርማን በጋዜጣ የጠቀለለውን ቢላ ብብቱ ሥር እንዳደረገ ቆመ። ቅር አለው፣ ቢሆንም ቻለው፤ ለቡድኑ ቢሮ ሰጥቶ በሚቀጥለው መኪና መላክ ይቻላል። «ከፍቶት ሄደ?» አላት።

«ምን ይከፋዋል! አስታረቅኋችሁ እኮ» አለች እጁን ይዛ ወደ ውስጥ እየሳበችው። «ልጁ ዓይኑ ቀልቶ ቁጭ ሲል አንጀቴን በላው። መሳቢያውን ከፈትኩና ‘አባትህ ሲወጣ ስጪው ብሎኛል፣ በራሱ እጅ መስጠት አፍሮ ነው’ ብዬ ሰጠሁት። ብታየው! አለቀሰ። እዚያው ቀበቶው ላይ ታጠቀው። አባዬን ሳልስመው ሄድኩ ብሎ በመስኮት ሁሉ ሲያይ ነበር።» ከዚያ የባሏን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተቆጣህ እንዴ? ልጅህ እኮ ነው። አንተ አሁን በቢላ ምን ትሠራለህ?»

ፎርማን «ስልኬን» ብቻ አላት። እንደቆመ ደወለ። ልጁ ወዲያው አነሣው፤ ከኋላው የመኪና ድምፅና የሰው ሣቅ ይሰማል።

«አባዬ! የት ጠፋህ? እማዬ ነገረችኝ እኮ። ስማ፣ የጠዋቱን ይቅርታ አድርግልኝ፤ ምን ነክቶኝ እንደዚያ እንዳልኩ…»

«ተወው። ስማኝ…»

«ሁሉም ቢላውን አዩት። የጎርፉን ታሪክ እየነገርኳቸው ነው፤ አለቃችን ራሱ ያዝ አድርጎ አየው፣ ‘አባትህ የድሮው ዘመን ሰው ነው’ አለኝ። እሰማሃለሁ፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

ፎርማን አፉን ከፈተ። ብረታ ብረት ተራ ላለው ለማያውቀው ሰው እየሣቀ የነገረው ነገር አፉ ውስጥ ነበር፤ ስብር ነው፣ እንዳትነካው፣ ሌላ ገዝቼልሃለሁ። ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው «እስቲ እንደገና አሳየን» ሲል ሰማ። «ቢላውን…» አለ፣ «ቢላውን እንዳትፈለቅቅበት።»

ልጁ ከልቡ ሣቀ። «አውቃለሁ አባዬ! ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ የኖርከውን? አይዞህ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። በል ዳገቱን ልንጀምር ነው፣ መስመሩ…» አለና ድምፁ ተቆራረጠ።

ሚስቱ ረክታ «ይኸው! እንዲህ ነው አባትና ልጅ» ብላ ምሳውን ልታሞቅ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ፎርማን የልጁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጠዋት የቆረሰው ዳቦ አሁንም ሳህኑ ላይ ነው፤ ደርቋል። ጥቅሉን ፈትቶ ቢላውን ከነአፎቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ድርብ ስፌቱን አየ፣ የተቀየረውን ማንጠልጠያ አየ፤ ጠላው። ልጁ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቅርንጫፍ ፊት ይቆማል፤ አባቱን የሚያምን ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ አይመታም። ያ ማጣበቂያ ምን ያህል እንደሚችል ፎርማን ፈትኖት አያውቅም፤ የፈራው ያንን ነበርና። ስልኩን አንሥቶ እንደገና ደወለ። አንዲት ሴት በጨዋ ድምፅ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም፣ እባክዎ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ አለችው። ዘጋና ደወለ፤ እሷው ናት። ዘጋና ደወለ። በሦስተኛው ግን አልዘጋም።

«ቢላው ስብር ነው» አላት። «እኔ ነኝ የሰበርኩት። የቀለም ጣሳ ስፈለቅቅበት።»

ሴትዮዋ ትንሽ ቆይቶ እንዲሞክር ነገረችው። ቀና ሲል ሚስቱ የሚጨሰውን ሳህን በጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዲሱን ቢላ፣ አንድ ጊዜ ክፍት የተተወውን መሳቢያ አየች። ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ» አለች፣ «በገዛ እጄ አልሰጠውም ነበር።»

ከዚያ ስልኩን ከእጁ ወስዳ እሷ መደወል ጀመረች።